የጧሪ ሒሳብ

«ይድረስ ለእትዬ፤

የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከዓባይ ማዶ ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፤ ባልና ሁለት ልጆች አሉኝ። እማዬ 78 ዓመቷ ነው፤ ተወልዳ ያረጀችው ዘጌ፣ ቡናዋ መሐል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጣና ጀልባ ላይ ሠርቶ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ባለፈው ነሐሴ እማዬን ጭቃ አዳለጣትና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ብቻዋን መኖር ስለማትችል ግን እኔ ጋ አመጣኋት። ቀን በምርኩዝ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ትጫወታለች፣ ምስር ትለቅማለች። ሲመሽ ሌላ ሰው ትሆናለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ነጠላዋን ትለብስና ‹ጀልባው ሊያመልጠኝ ነው› እያለች በሩን ትታገላለች። ሁለት ጊዜ የግቢው በር ላይ ደርሼባታለሁ። ጠዋት ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እንቅልፍ ያንገላጅጀኛል።

አራት ነን። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹እዚህ ሽማግሌዎች ከፍለው የሚኖሩበት ቤት አለ፤ አንቺም ጥሩ ቤት ፈልጊና አስገቢያት፤ በወር 200 ዶላር እልካለሁ› ይላል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹እናታችንን መቄዶንያ ልትጥሏት ነው? ሰው ምን ይለናል?› ብሎ ተቆጣ፤ እሱ ራሱ ግን ፋሲካ ካልሆነ አይመጣም። ጎንደር ያለችው ታናሼ ‹ቆብ ትድፋና ገዳም ትግባ› ትላለች። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ ዝምታው ግን እየረዘመ ነው።

ምን ዓይነት ቤት ልፈልግ? ጥሩነቱን በምን ልወቅ? ክፍያውን ማን ምን ያህል ይቻል? ደግሞ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይህን በመጠየቄ ክፉ ልጅ ነኝ?

የዓባይ ማዶዋ»

እታለሜ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ከነሐሴ ጀምሮ በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የምትነሣ ልጅ ክፉ ከተባለች፣ ለፋሲካ ብቻ ለሚመጣው ምን ስም ልናወጣለት ነው? እንቅልፍ ያጣ ሰው እንቅልፍ ቢፈልግ ነውር የለበትም። አበቃ።

አሁን ወደ ነገሩ። እኔ እንደሚገባኝ አራታችሁን ያጣላችሁ «ቤት» የምትለው ቃል ናት። ታላቅ ወንድምሽ ቤት ሲል የሚታየው የሠፈሩ ነው፤ ሰው የራሱን ክፍል ይዞ፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ኪኒን ለመዋጥ ሠራተኛ እያገዘው የሚኖርበት። እዚያ አገር የዚህ ዓይነቱ ኑሮ በወር ብዙ ሺህ ዶላር ያስከፍላል። ሜዲኬር የሚሉት የአረጋውያን መድን እንኳ አይከፍልለትም፤ ብዙው ሰው ቁጠባውን እያራገፈ፣ አንዳንዱም ቤቱን ሸጦ ነው የሚኖርበት። ወንድምሽ የሚልከው 200 ዶላር እዚያ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን ቢያኖር ነው። ይህን የምልሽ ልታሳፍሪው አይደለም። «እንደዚህ አገሩ ዓይነት ፈልጊ» ሲልሽ ምን እያዘዘ እንደሆነ ሁለታችሁም እንድታውቁት ነው።

የአዲስ አበባው ወንድምሽ ደግሞ ቤት ሲባል የሚታየው መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ ያን ማዕከል የመሠረተው ጎዳና ላይ ለወደቁ፣ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። በአገራችን ያሉት አብዛኞቹ የአረጋውያን ማዕከሎችም እንደዚያው ናቸው፤ በር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዘመድ አለዎት ወይ?» ነው። አራት ልጅ ያላቸው እናት እዚያ አልጋ ከያዙ፣ ማንም የሌለው አንድ ሰው ደጅ ያድራል። ከዝርዝርሽ ላይ የምሰርዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ በሰው ወሬ አይደለም።

ገዳሙን በተመለከተ፣ ጣና ዳር ስለተወለድን ገዳም ሁሉ የጓሯችን ይመስለናል። (ክብራን ገብርኤልማ ሴት አያስገባም፤ ታናሽሽ ረስታው ይሆናል።) ቆብ መድፋት የእናትሽ የራሳቸው ስእለትና ፈቃድ ነው፤ ልጅ በስብሰባ አይወስንላቸውም። ገዳም ደግሞ ሥራ አለበት፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቀማል፣ ሌሊት ለጸሎት ይቆማል። እዚያ ያሉት እማሆዮች አብዛኞቹ ራሳቸው ያረጁ ናቸው፤ በሌሊት በር የሚታገሉ እናት ማን ይይዝላቸዋል?

ቤት ከመፈለግሽ በፊት ግን ሐኪም ፈልጊ። በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ሳታያይዢው አልፈሻል፦ ነሐሴ ላይ ወድቀዋል፤ ሌሊት መነሣቱን የምትጽፊልኝ ከዚያ በኋላ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲወድቅ ጭንቅላቱን ቢመታ፣ ምቱ ቀላል መስሎ ቢታለፍም፣ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ከሳምንታት በኋላ አእምሮን ሊያምታታ ይችላል። በሲቲ ስካን ይታያል፤ በቀዶ ሕክምናም ሊወጣ ይችላል። እናትሽ ያ ነው ያላቸው አልልም፤ ሳይታይ መቅረት እንደሌለበት ግን እልሻለሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም አረጋዊን ያለ ትኩሳት፣ ያለ ማቃጠል፣ ቀጥታ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ወባም አለ፤ ሐይቅ ዳር ነን። የውኃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ጎረቤት «እንቅልፍ ያስተኛል» ብሎ የሰጠሽ ኪኒን፣ እነዚህ ሁሉ የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ። የዓይን ሞራ ካለባቸው ደግሞ በጨለማ የተሰቀለ ጋቢ ሰው ሆኖ ይታያቸዋል፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ይህ ሁሉ ተጣርቶ ምንም ካልተገኘ፣ ያኔ ሐኪሙ ስለ መርሳት በሽታ ያነጋግርሽ፤ በዚያ በሽታ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግራ መጋባቱ ይብሳል፣ ቀን ደህና መስሎ መዋልም የተለመደ ነው።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂጂ ጥበበ ግዮን፣ ለሐኪሙ «እናቴ አርጅታለች» ብለሽ አትጀምሪ። «ነሐሴ ላይ ወደቀች፤ ሌሊት መነሣቷ ከዚያ ወዲህ ነው» በዪው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተራቸው ከታደሰ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ነው መሄድ ያለብሽ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ መክፈልሽ አይቀርም። ካልታደሰ የዘንድሮውን መዋጮ ዛሬ ነገ ሳትዪ ክፈዪ።

ወረፋው እስኪደርስሽ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ውሰጂ፤ አስተማሪ ቤት ደብተር አይጠፋም። ሰባት ቀን ሙሉ የእናትሽን ሰዓት ጻፊ። ብቻቸውን ደህና የሆኑበትን ሰዓት በሰረዝ፣ ድምፅ የሚሰማ ሰው ግቢ ውስጥ መኖር ያለበትን በአንድ ክብ፣ እጃቸውን የሚይዝ ሰው የግድ የሚያስፈልግበትን በሁለት ክብ ምልክት አድርጊበት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ከጻፍሽልኝ ተነሥቼ ስገምት፣ ቀኑ በአመዛኙ ሰረዝና አንድ ክብ ይሆናል፤ ምስር የሚለቅሙ እናት ናቸው። ሁለት ክብ የሚበዛው ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 56። አንቺን እየገደለሽ ያለው ይህ 56 ሰዓት ነው፤ ወንድምሽ የሚገዛልሽ መስሎት የሚፎክረው ግን 168ቱን ነው።

ፍርዴን ልንገርሽ። እኔ ብሆን አሁን ባሉበት ሁኔታ የትም አልወስዳቸውም፤ ሌሊቱን እገዛለሁ።

ሌሊቱን መግዛት ማለት የሌሊት አስታማሚ መቅጠር ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገብታ ንጋት ላይ የምትወጣ ተመላላሽ፣ ወይም ቀን የምትተኛበት ክፍል ካለሽ አዳሪ። በደላላ ብታመጫትም ተያዥ ይኑራት፤ የተያዡን ቤት ሄደሽ እዪ። የማይታለፍ አንድ ነገር አለ፤ የቀን ሥራ አትጨምሪባት። «እንዲያው እንጀራዋን ብቻ ጋግሪልኝ፣ ልጆቹን ት/ቤት አድርሺልኝ» ካልሻት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትሽ በር ሲታገሉ እሷ እያንኮራፋች ነው፤ ጥፋቱም ያንቺ ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ማረፍ አለባት፤ ያን ሌሊት ማን እንደሚነሣ ከባልሽ ጋር ተነጋገሩ። የባልሽ ዝምታ ምናልባት የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው፤ ወንድ የተወሰነ ነገር ሲሰጠው አንዳንዴ ይናገራል። ደመወዟን፣ የእረፍት ሌሊቷን፣ ብትታመም የሚሆነውን በሁለት ገጽ ጻፉና ተፈራረሙ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ስለማይሸፍን፣ በመካከላችሁ ዋናው ዳኛ ያ ወረቀት ነው። ጡረታ የወጣች ነርስ ሠፈር ውስጥ ካለች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ ግፊታቸውን እንድትለካና ገላቸውን እንድታይ ትንሽ ክፈያት፤ በወር ከምታወጪው ሁሉ የማይቆጭሽ ይህ ነው።

ቤቱንም አዘጋጂው። ብዙ አረጋዊ ሌሊት የሚቀሰቅሰው መጀመሪያ ሽንቱ ነው፤ ጀልባው የሚመጣው ከተነሡ በኋላ ነው። አልጋው ሥር ፖፖ ይኑር፤ እስከ ሽንት ቤት ድረስ ደብዘዝ ያለ አምፖል ይደር። ግፊት ካለባቸው አንዳንዱ የግፊት ኪኒን ሽንት ያበዛልና፣ ማታ የሚውጡት ከሆነ ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ፤ በራስሽ አትለውጪው። ሽንት ቤቱ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ብየዳ ቤት ሄደሽ መሐሉ ክፍት የሆነ የብረት ወንበር አሠሪ፤ ግድግዳው ላይም መያዣ ብረት አስመቺ። በሩን ከውጭ በቁልፍ አትቆልፊባቸው፤ እሳት ቢነሣ ምን ይሆናሉ? ከዚያ ይልቅ የበሩ መዝጊያ ላይ ቃጭል እሰሪ። የበሬ ቃጭል። እኛ ቤት ለአማቴ አድርገነው ነበር፤ ከማንም ማንቂያ ደወል ይበልጣል፣ መብራት ሲጠፋም ይሠራል።

አንድ ቀን ግን ይህ ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። እናትሽ አልጋ ላይ ሊውሉ ይችላሉ፤ አንቺም ልትታመሚ ትችያለሽ። ያኔ ከፍሎ መግባት የሚቻልበት ቤት ካገኘሽ እንዴት እንደምትመርጪ በራሴ ላይ በደረሰው ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ከተማ፣ አጎቴን እንዲህ ያለ ቤት አስገብተን ነበር። ስሙን አልጠራውም። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ መጋረጃው የታጠበ፣ በረንዳው ላይ አበባ የተደረደረበት ቤት ነው። በመጠየቂያ ቀን ሙዝ ይዘን ሄድን፤ ቡና አፈሉልን፤ የሦስት ወር ከፍዬ ፈረምኩ። አንድ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳልናገር ሄድኩ። አጎቴ አልጋው ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የውኃው ጆግ ሙሉ ነው፤ ግን ከአልጋው ሁለት ክንድ ርቆ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷን ጠየቅኳት። «ከጠጡ አንሶላ ያበላሻሉ» አለችኝ፤ አልደበቀችኝም። ለአሥራ አራት ሽማግሌ ብቻዋን ነበረች። እሷን ልቆጣት አልቻልኩም። በዚያው ሳምንት አወጣናቸው፤ የቀረውን የሁለት ወር ክፍያ ግን አልመለሱልንም፤ ውሉ ስለ መመለስ ምንም አይልማ። መጋረጃውን ያየሁትን ያህል ውሉን አላየሁትም ነበር።

ስለዚህ አንቺ ጆጉን እዪ። የት እንደተቀመጠና የሚጠጣው ሰው እጁ ይደርስበት እንደሆነ። በመጠየቂያ ቀን አትሂጂ፤ እሑድ ከሰዓት ወይም ሲመሽ ሂጂ። «ስንት ሠራተኛ አላችሁ?» አትበዪ፤ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነቅቶ የሚያድር ስንት ሰው ነው? ለስንት አረጋዊ?» በዪ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ተረከዙና ከወገቡ በታች ያለው አጥንት ላይ ይቆስላል፤ እና አልጋ ላይ ያሉትን ሰዎች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ፣ ተረከዛቸውን እዪ። መድኃኒቱ በየሰው ስም ተለይቶ ተቀምጧል ወይስ በአንድ ካርቶን ተደባልቋል? እናትሽ ይጾሙ የለ? በጾም ወራት ምን እንደሚያበሉ፣ የንስሐ አባታቸው ገብተው ሊጠይቋቸው እንደሚችሉ ጠይቂ፤ ለእሳቸው ይህ ከሥጋ ወጥ ይበልጣል።

ውሉ ላይ ደግሞ ስለ ገንዘብ የምትጠይቂው የወር ክፍያውን ብቻ አይደለም። የአዋቂ ዳይፐር በማን ነው? መድኃኒትስ? ሆስፒታል ቢተኙ የሚያስታምም ሰው ይሰጣሉ ወይስ አንቺ ትሄጃለሽ? የእኛን ሆስፒታል ታውቂዋለሽ፤ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ውኃ የሚያቀብለው የለም። ሲብስባቸው ያቆዩአቸዋል ወይስ «ውሰዱልን» ይላሉ? ክፍያው በዓመት ስንት ጊዜ ይጨምራል፣ በስንት ቀን ማስታወቂያ? ብታወጫቸው ወይም ቢያርፉ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል? ይህን ሁሉ በቃል ሲመልሱልሽ ፈገግ ብለሽ «እሺ፣ እሱን ጻፉት» በዪ። የማይጽፉ ከሆነ ሙዝሽን ይዘሽ ተመለሽ።

አሁን ወደ ክፍያው፤ የጠብ ሁሉ ሥር እዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚወጣው የእናትሽ የራሳቸው ገንዘብ ነው። የሟች ሚስት የባሏን የጡረታ አበል 50 በመቶ ታገኛለች፤ በየወሩ የት ነው የሚገባው? ማን ነው የሚያወጣው? የዘጌው ቡናስ? ለቀማው ለማን ነው የተሰጠው፣ በእኩል ነው በሲሶ? ካረፉ በኋላ የምትካፈሉት ቡና እንዳይነካ ብላችሁ እሳቸውን ያለ አስታማሚ አታሳድሯቸው። ውርስ የሚጀምረው ከቀብር በኋላ ነው። ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ «ቡናውን በስጦታ በስሜ አዙሩልኝና እኔ ልጡራት» ቢል ግን ቸኩላችሁ አትፈርሙ። እጦራለሁ ብሎ የወሰደ ሰው ሳይጦር ቀርቶ ስጦታው ይፍረስ የሚል ክርክር ፍርድ ቤት ሞልቷል፤ ክርክሩም ከአረጋዊው ዕድሜ ይረዝማል።

ከዚያ የሚጎድለው ለአራታችሁ ነው። ለአራት እኩል መካፈል ፍትሕ ይመስላል፤ አይደለም። አንቺ ከክፍል ውጭ ባለው ጊዜሽ ሁሉ አንድ ክብ ነሽ፤ በእረፍቷ ሌሊት ደግሞ ሁለት ክብ። ለአስታማሚዋ የምትከፍሉትን ደመወዝ በሰዓቷ አካፍዪው፤ በዚያው ዋጋ የራስሽን ሰዓት አባዢው፤ መዋጮሽ ብለሽ ደብተሩ ላይ አስፍሪው። ለማስከፈል አልልሽም። ቁጥሩ ይታያቸው። ወንድሞችሽ አንቺን «እቤት ያለች» ብለው ነው የሚቆጥሩሽ፤ ቁጥሩን ሲያዩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

የታላቅ ወንድምሽ 200 ዶላር ለአሜሪካው ቤት ምንም ባይሆንም፣ እዚህ ሌሊትን ለመግዛት ትልቅ ነገር ነው፤ አመስግኚው። ግን «እልካለሁ»ን ወደ ቀን ቀይሪው፤ በየወሩ በየትኛው ቀን? መዋጮውን በብር ሳይሆን በዶላር ይወስን፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተወሰነ ነገር የቱን ያህል ቶሎ እንደሚያንስ አይተሻል፤ የአስታማሚዋ ደመወዝም መጨመሩ አይቀርም። በባንክ ይላክ፤ ለዚሁ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ አራታችሁም መግለጫውን እዩት። የሁለት ወር ወጪ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ሕመም ቀጠሮ አይሰጥም። አንድ ባለ መኪና ጎረቤት ስልክም ደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፊ፤ ማታ ባጃጅ እንደማይገኝ የምነግርሽ እኔ አይደለሁም።

ሰው ምን ይላል ያለው የአዲስ አበባው ወንድምሽ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ይክፈል፣ ወይ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ መጥቶ ከበሩ ሥር ይተኛ፤ አንቺ እህትሽ ጋ ጎንደር ሄደሽ እረፊ። የቤተሰብ ሕጉ ልጅ የተቸገረ ወላጁን የመቀለብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ክሰሺው አልልሽም፤ ሕጉ መኖሩን ግን ይስማ። ታናሽሽ ገንዘብ ከሌላት መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ በወር አንድ ቅዳሜና እሑድ መጥታ ትያዛቸው። በርበሬና ሽሮ መላክም መዋጮ ነው፤ ይጻፍላት።

ወረቀት ላይ አንድ የሚያስቸኩል ነገር አለ። ከጻፍሽልኝ እንደሚገባኝ እናትሽ ቀን ቀን ልባቸው ሙሉ ነው። ውክልና የሚሰጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ጡረታውን ለማውጣት፣ የቡናውን ገቢ ለመሰብሰብ፣ ለሐኪም ቤት ጉዳይ። መሸጥና መለወጥ አይጨመርበት፤ አያስፈልግሽም፣ ወንድሞችሽንም ያስጠረጥራል። በጠዋት ይዘሻቸው ሂጂ፤ ሰነዱን የሚያረጋግጠው ሰው እሳቸውን ራሳቸውን ይጠይቃቸው፣ በአፋቸው ይመልሱ። ልባቸው ከከዳ በኋላ ግን መንገዱ ፍርድ ቤት ነው፤ ክልከላና ሞግዚት ማስሾም፤ ረጅም ነው፣ ያዋርዳልም።

በደብዳቤሽ ውስጥ አራት ልጆች ተናግረዋል፤ የባልሽ ዝምታ ሳይቀር ተሰምቷል። እናትሽ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀልባው ሊያመልጠኝ ነው። ጠይቂያቸው። ጠዋት ቡና ላይ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ። «ቤት ትገቢያለሽ ወይ?» ካልሽ ያስደነግጣቸዋል፤ «ሌሊት ማን አጠገብሽ ቢያድር ደስ ይልሻል?» በዪ። አንቺ ያላሰብሽውን ሰው ስም ይጠሩ ይሆናል፤ የዘጌ ጎረቤት፣ የክርስትና ልጅ። ያ ሰው ባሕር ዳር መጥቶ መሥራት ይፈልግ ይሆናል፤ ከደላላው ይሻላል።

ሌሊት ሲነሡ ደግሞ «እማዬ፣ ጀልባ የለም፣ አባዬ ሞቷል» አትበዪ። በየሌሊቱ እንደ አዲስ መርዶ ትነግሪያቸዋለሽ። «ገና ነው፣ የጠዋቱ ነው፣ እስኪነጋ እግርሽን ልሸፍንልሽ» በዪና ፖፖውን አቅርቢ። ለአስታማሚዋም ይህንኑ አስጠኛት።

ሐኪሙ ለጉዞ ከፈቀደላቸው፣ መንገዱም ደህና ከሆነ፣ በሚመጣው 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን፣ ባልሽን ወይም ትልቁን ልጅሽን ይዘሽ በእውነተኛው የጠዋት ጀልባ ዘጌ ውሰጃቸው። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ደጅ ይሳሙ፤ ቡናቸው ሥር ይቀመጡ። ማታ ስትመለሱ ደብተሩን ክፈቺና የዚያን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ ጻፊልኝ።